ቁልፍ ሽልማት ነው ወይስ አደራ?

ሰው በሕይወቱ ብዙ የተዘጋ ነገር ይገጥመዋል። የተዘጋውንም የሚከፍትለት ነገር ይፈልጋል። ለተማሪ የምስክር ወረቀት፣ ለሥራ ፈላጊ ሙያ፣ ለእንግዳ የአገሩ ቋንቋ፣ ለነጋዴ መነሻ ገንዘብ መንገድ ከፋቾች ናቸው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ቁልፍ ብንላቸው አንሳሳትም። ታዲያ በእጃችን የገባ ቁልፍ ምናችን ነው? የድካማችን ሽልማት ስለሆነ እንደ ወደድን የምናደርገው የግል ሀብታችን ነው? ወይስ ሌላ ሰው ሊጠይቀን የሚችል አደራ ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው ምሳሌ አንዳንድ አንባብያንን ያስገርም ይሆናል፤ የቪዲዮ ጨዋታ ነውና። ወላጆቻችን «ይህ ጨዋታ ጊዜ ከመብላት በቀር ምን ይጠቅማል?» ሲሉ እንሰማለን። እኛ ወጣቶች ደግሞ «መዝናኛ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» ብለን እንመልሳለን። ሁለታችንም የምንከራከረው በጨዋታው ውስጥ ያለውን ነገር ሳንመለከት ነው። ጨዋታ የሚሠራ ሰው የትኛው በር በምን እንደሚከፈት ሲወስን፣ የትኛው ድካም ምን ዋጋ እንደሚገባውም አብሮ ይወስናል። ስለዚህ ጨዋታ ሁሉ ሳይናገር የሚያስተምረው ነገር አለው። ትምህርቱ መልካም ይሁን ክፉ የሚታወቀው ሲመረመር ነው።

በቅድሚያ ፒንቦል ስለሚባለው ጨዋታ ጥቂት እንበል። ፒንቦል ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ፣ በመስተዋት የተሸፈነ ጠረጴዛ ነው። አንዲት የብረት ኳስ በሞላ ተገፍታ ወደ ላይ ትወረወራለች፤ ከዚያም ከእንቅፋት ወደ እንቅፋት እየተላተመች ወደ ታች ትንከባለላለች። ከታች በግራና በቀኝ ሁለት አጫጭር ክንፎች አሉ። ተጫዋቹ በጣቱ ሲጫናቸው ክንፎቹ ብድግ ብለው ኳሷን መልሰው ወደ ላይ ይመታሉ። ኳሷ በክንፎቹ መካከል ካመለጠች ግን ወደ ጉድጓዱ ትገባለች፤ ተጫዋቹም ያቺን ኳስ አጣት ማለት ነው።

እነዚህ ክንፎች ከጥንት የነበሩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1947 ጎትሊብ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በተባለው ማሽን ላይ አወጣቸው። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ኳሷን ወርውሮ፣ ጠረጴዛውን በጥቂቱ ነቅነቅ አድርጎ፣ የቀረውን ለዕድል ከመተው ሌላ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። በዚህም የተነሣ የኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1942 ጨዋታውን ከቁማር ቆጥራ ከለከለች። ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጋርዲያ የተወረሱትን ማሽኖች በመዶሻ ሲሰባብሩ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። እገዳው ከ30 ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ወጣት ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ጨዋታው የችሎታ መሆኑን ለማሳየት ተጫወተ። በመጨረሻም ኳሷ በየትኛው መተላለፊያ እንደምታልፍ አስቀድሞ ተናግሮ ሞላውን ሳበ። ኳሷም ባለው በኩል አለፈች፤ እገዳውም ተነሣ። ሻርፕ ግን ያ ውርወራ የተሳካለት በዕድል ጭምር መሆኑን ኋላ ራሱ አልሸሸገም።

ይህ የሻርፕ ነገር ለጥያቄያችን ትልቅ ፍሬ አለው። የችሎታ ምስክር ሆኖ የቀረበው ሰው ራሱ ዕድል እንደረዳው አመነ። ለዓመታት ባይለማመድ ኖሮ ዕድሉ ብቻውን አይበቃውም ነበር፤ ያቺ ኳስ በዚያች ደቂቃ ባታልፍለት ደግሞ ልምምዱ ላይታይለት ይችል ነበር። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ያገኘነውን ሁሉ «በገዛ ድካሜ ያመጣሁት ነው» የሚል ሰው እውነቱን ከግማሽ በላይ አይናገርም። እናት በሌሊት ተነሥታ ስንቅ ባትቋጥር፣ ታላቅ ወንድም ትምህርቱን አቋርጦ ከአባቱ ጋር ባያርስ፣ አንድ መምህር ከክፍል ሰዓት ውጭ ባያስረዳ፣ ያ ድካም ወዴት ይደርስ ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌያችን እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪላ ጎሪላ የተባለ የስዊድን ድርጅት «ዮኩስ አይላንድ ኤክስፕረስ» የሚባል የፒንቦል ቪዲዮ ጨዋታ ሠራ። በዚህ ጨዋታ ጠረጴዛው አንድ ሙሉ ደሴት ሆኗል፤ ተራራው፣ ዋሻው፣ የውኃው ዳር ሁሉ ኳስ የሚንከባለልበት መንገድ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዮኩ ሰይፍ የታጠቀ ጀግና ሳይሆን ትንሽ ጥንዚዛ ነው። ያውም በከብት መዋያ የምናያትን፣ እበት አድቦልቡላ የምትገፋዋን ጥንዚዛ የመሰለ ነው። ከአንዲት ኳስ ጋር በክር ታስሮ፣ ሞኩማና ወደምትባል ደሴት በአዲስ ፖስተኛነት ይመጣል።

ዮኩ መዝለል አይችልም። ኳሱን እየገፋ ይሄዳል፤ ገደል ሲገጥመው በየሥፍራው የተተከሉት ክንፎች ኳሱን ሲመቱት ኳሱ ዮኩን ይዞት ይወነጨፋል። ስለዚህ ሸክሙ ያችው ኳስ ናት፤ መጓጓዣውም ያችው ናት። በመንገዱ ፍራፍሬ ይለቅማል፤ በለቀመውም ፍራፍሬ ገና ያልተከፈቱ ክንፎችን ያስከፍታል። ወደ እሾህ ቢወድቅ ጥቂት ፍራፍሬ ይቀነስበታል እንጂ ጨዋታው አያልቅበትም።

ከፍራፍሬው ሌላ በየቦታው የሚያገኛቸው መንገድ ከፋች ዕቃዎች አሉ። አንደኛዋ ልጆች በበዓል ቀን እንደሚነፏት ያለች ትንሽ ጥሩምባ ናት፤ ዮኩ ሲነፋት የተኛው ይነቃል። ሁለተኛው ዛጎል የሌላቸውን፣ እንደ ፈንጂ የሚፈነዱ ቀንድ አውጣዎች የሚስብ መምጠጫ ነው፤ እነርሱም መንገድ የዘጋውን ድንጋይ ይሰብሩለታል። ሌላው ከተወሰኑ አበቦች ላይ ተንጠልጥሎ እየተወዛወዘ ወደ ማዶ ለመሻገር የሚረዳው ማሰሪያ ነው። ከውኃ በታች ለመጥለቅ የምታስችለው ዓሣም አለች። ከእነዚህ አንዱ ሲገኝ ቀደም ሲል ተዘግቶ የነበረ የደሴቲቱ ክፍል ይከፈታል። አንድም ግን ራሱን የሚያሞግስበት ወይም ሌላውን የሚገዛበት ዕቃ የለም። ሁሉም ደብዳቤው ወደ ባለቤቱ እንዲደርስ የሚያገለግሉ ናቸው።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ነገር እንማራለን።

የመጀመሪያው የቁልፍና የእጅ ነገር ነው። እንዲህ ባሉ ጨዋታዎች ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ በሩን የሚያየው ቁልፉን ከማግኘቱ በፊት ነው። አይቶ፣ አልሆን ብሎት፣ ትቶት ይሄዳል፤ ዕቃውን ሲያገኝ ደግሞ «ያ ቦታ!» ብሎ ያስታውሳል፤ ይመለሳልም። እ.ኤ.አ. በ1986 በጃፓን የወጣው «ሜትሮይድ» የተባለው ጨዋታ ይህን በብልሃት አሳይቷል። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ጨዋታዎች ተጫዋቹን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያስሮጡት ነበር። «ሜትሮይድ» ግን የመጀመሪያውን ዕቃ ከመነሻው በስተግራ አስቀመጠው። ዕቃው ተጫዋቿን እንደ ኳስ አድቦልቡሎ በጠባብ ቀዳዳ የሚያሳልፍ ነው። ወደ ፊት ብቻ የሮጠ ሰው ጠባቡ መንገድ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ወደ ኋላም መመለስ ግድ ይሆንበታል።

ዕቃውን ማግኘት ግን መንገዱን መሄድ ማለት አይደለም። ዮኩ ማሰሪያውን ቢያገኝም ኳሱን በትክክለኛው ጊዜ ካልመታ አበባው ዘንድ አይደርስም። ቁልፉ በሩን ይከፍታል፤ የሚራመደው ግን እግር ነው። ይህ በእኛ ሕይወት ምን ማለት እንደሆነ የአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ያሳየናል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የፈተናው ጥያቄዎች አስቀድመው በማኅበራዊ መገናኛ በመውጣታቸው ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ ሆነ። ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ተፈተኑ። በጥር ወር ውጤቱ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህን ቁጥር የምናነሣው በወደቁት ላይ ለመፍረድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ወሎ ምድር ደርሶ ትምህርት ቤቶች በተጎዱበትና መጻሕፍት በጠፉበት ሁኔታ የተማረን ልጅ ሰነፍ ነው ማለት ግፍ ነው። የምንለው ሌላ ነው። የተሰረቀ ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባ ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ግን ማንበብ አያስችልም። በኩረጃ ሐኪም የሆነ ሰው ቁልፉ እውነተኛ ነው፤ ወረቀቱም ማኅተም አለበት። የሚታከመው በሽተኛ ግን የሚያገኘው እጁን ነው። ስለዚህ ያለ ልምምድ የተገኘ ቁልፍ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን በእርሱ የሚታመኑትን ሁሉ ይጎዳል።

ሁለተኛው የተገዛ ቁልፍ ነገር ነው። ዮኩ ክንፎቹን የሚያስከፍተው በፍራፍሬ ነው፤ ፍራፍሬውም የሚገኘው በመጫወት ብቻ ነው። ሌሎች ጨዋታዎች ግን ቁልፍን በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣሉ። ለምሳሌ ያህል ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሠራው «ካውንተር ስትራይክ» በሚባለው የተኩስ ጨዋታ ውስጥ የታሸጉ ሣጥኖች አሉ። ሣጥኑን ለመክፈት ቁልፍ መግዛት ያስፈልጋል፤ በውስጡ ምን እንዳለ ግን ሳይከፈት አይታወቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የመሣሪያ ማስጌጫ ቀለም ነው። የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን የመሰለውን ሣጥን መርምሮ የአገሩን የቁማር ሕግ የሚጥስ ነው አለ። ኩባንያውም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 አጭበርባሪዎች የሰረቁትን ገንዘብ በቁልፎቹ ሽያጭ እንደሚቀይሩ ገልጦ፣ ከዚያ በኋላ የሚገዙ ቁልፎች ከሰው ወደ ሰው እንዳይተላለፉ ከለከለ።

ልብ እንበል! ላጋርዲያ በመዶሻ የሰበሩት የዕድል ማሽን ከብዙ ዓመት በኋላ በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ተመልሶ መጣ። አሁን ግን መዶሻ የሚያገኘው ብረት የለም። እዚህ ላይ ነው የእኛ አስተዋይነት የሚያስፈልገው። አንድ ቁልፍ ሲቀርብልን «ይህ የሚከፍተው መንገድ ነው ወይስ ሣጥን?» ብለን እንጠይቅ። መንገድ ከሆነ ከፊታችን የምንሠራው ሥራ ይኖራል። ሣጥን ከሆነ ሌላ ሣጥን ከማስመኘት በቀር የሚያደርስበት የለም። ይህ ጥያቄ ከጨዋታ ውጭም ያገለግላል። በጉቦ የተገኘ ሥራ ሣጥን ነው፤ ከፋዩ የከፈለውን ለማስመለስ በተራው ከሌላው መቀበል ይጀምራል። አንዱ ሣጥን ሌላውን እንዲህ ይወልዳል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር ቁልፉ ለማን ይከፍታል የሚለው ነው። ዮኩ ፖስተኛ ነው። ፖስተኛ በየበሩ የሚደርሰው ስለ ራሱ አይደለም። በቦርሳው የያዘው ደብዳቤ የእርሱ አይደለም፤ ከፍቶ ሊያነበውም አይገባውም። አገራችን ይህን ሥራ ከጥንት ታውቀዋለች። መኪና በማይደርስበት ዘመን ደብዳቤ የሚሄደው በመንገደኛና በነጋዴ እጅ ነበር፤ ተቀባዩም ላኪውን የሚያምነው በአምጪው ታማኝነት ነው። አደራ የበላ ሰው በመንደሩ ስሙ «አደራ በላ» ሆኖ ይቀራል፤ ከዚህ የከፋ ስድብም ጥቂት ነው።

ይህን ነገር ለመረዳት ከራሳችን ሸለቆ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ቦርከና ወንዝ ከደሴ በኩል ተነሥቶ፣ በኮምቦልቻ ወርዶ፣ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በበጋ፣ የቆላው ሣር ሲደርቅ፣ ከአፋር ምድር የሚመጡ አርብቶ አደሮች፣ የአካባቢው የኦሮሞና የአርጎባ ከብት አርቢዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደዚህ ረግረግ ያዞራሉ። በዙሪያው ደግሞ አርሶ አደሩ ማሳውን ያርሳል። ለደረቀው ወር በር የሚከፍተው ይህ ሣር ነው። በጨዋታ ቋንቋ እንናገር ካልን፣ የጨፋ ሣር የብዙ ሕዝብ ቁልፍ ነው። ግን የማን ነው? ወንዙን ማንም አልሠራውም፤ ሣሩንም ማንም አልዘራውም። አጠገቡ የተወለደ ሰው እንኳ «በድካሜ ያገኘሁት ሽልማት ነው» ሊል አይችልም።

በኦሮምኛ «ጨፌ» የሚለው ቃል ለምለም የረግረግ ሣርንም፣ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበትን ጉባኤም ይጠራል። ሁለቱን ነገር አንድ ቃል መሸከሙ ያለ ምክንያት አይመስለንም። ብዙዎች የሚፈልጉት ሣር ያለበት ቦታ ብዙዎች ተቀምጠው ካልተመካከሩበት አይበረክትም። ማን መቼ እንደሚያግጥ፣ ከብት ማሳ ቢገባ ምን እንደሚደረግ፣ ውኃው በየት በኩል እንደሚወሰድ የሚነጋገሩ ሽማግሌዎች ሸለቆውን በመዶሻም በብረት አጥርም ያልጠበቁትን ያህል በቃላቸው ጠብቀውታል። ቃሉ ሲፈርስ ምን እንደሚሆንም አይተናል። በ2013 ዓ.ም. በዞናችንና በአጎራባች ወረዳዎች በተነሣው ግጭት ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውም መንገድ ተዘግቶ ነበር። ያን መንገድ የሚከፍት ዕቃ በየትም ሱቅ አይሸጥም። የጎረቤት እምነት የሚባለው ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ አይገባምና።

ትንሿ ጥንዚዛም ከዚህ ትምህርት አትቀርም። ጥንዚዛ እበቱን አድቦልቡላ የምትገፋው ለራሷና ለልጆቿ ምግብ ነው። በምትቀብረው ጊዜ ግን አፈሩ ይለሰልሳል፤ ውኃ ይሰርጋል፤ ሣሩ ይበቅላል፤ ከብቱም ያንኑ ሣር ይግጣል። ዋጋዋ የታወቀው በጠፋችበት አገር ነው። በአውስትራሊያ ከውጭ የገባው የቀንድ ከብት እየበዛ ሲሄድ የአገሩ ጥንዚዛዎች እበቱን ሊያነሡት አልቻሉም፤ እነርሱ የለመዱት የካንጋሮን የመሳሰሉትን እንስሳት ኩስ ነበርና። እበቱ በየሜዳው ደርቆ ግጦሹን ሸፈነ፤ ዝንብም ተራባበት። ስለዚህ ጆርጅ ቦርነሚሳ የተባሉ ተመራማሪ ባቀረቡት አሳብ ከ1960ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ከአፍሪካና ከአውሮፓ ጥንዚዛ ወደዚያ ተወሰደ። አንድ አህጉር የሚያህል አገር ለግጦሹ መፍትሔ ፍለጋ እኛ በእግራችን አልፈናት ወደምንሄደው ፍጥረት መጣ ማለት ነው። ለራሷ የገፋችው ሸክም ለሌላው መንገድ መክፈቱ ከዚህ ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። «ጨዋታን ከሕይወት ጋር ታመሳስላላችሁ። በጨዋታው እሾህ ላይ የወደቀ ሰው ጥቂት ፍራፍሬ ብቻ ያጣል፤ በሕይወት የወደቀ ግን ዕድሜውን ሊያጣ ይችላል። በጨዋታው ለደከመ ሁሉ ቁልፍ ይገኛል፤ እኛ ግን ደክመው ያላገኙ ብዙ ወገኖች አሉን» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት ነው። ከመንደራችን ሥራ አጥተው፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሻገር ወጥተው፣ በበረሃና በባሕር የቀሩ የወሎ ልጆች አሉ። ለእነርሱ «ታገሡ፣ ቁልፉ የሆነ ቦታ ተቀምጦላችኋል» ብንል ማላገጥ ይሆንብናል።

ነገር ግን ተቃውሞው መልሳችንን የሚያፈርሰው ሳይሆን የሚያጸናው ሆኖ አግኝተነዋል። ጨዋታውን የሠራው ሰው ለእያንዳንዱ በር ቁልፍ አዘጋጅቶለታል፤ ቁልፎቹም ሁሉ ለአንዱ ተጫዋች የተቀመጡ ናቸው። ሌላ የሚጠብቅ ተጫዋች የለም፤ ፍራፍሬውንም ዮኩ ቢለቅመው የሚራብ ልጅ የለም። በሕይወት ግን ነገሩ ከዚህ ይለያል። የአንዱ በር ቁልፍ ብዙ ጊዜ ያለው በሌላው እጅ ነው። ማንበብ የማይችሉት አባት የሚሞሉት ቅጽ ቁልፉ ያለው በአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጅ ነው። አማርኛ የማይሰሙት የገጠር እናት በሐኪም ቤት የሚያስረዳቸው ቢያጡ፣ የበሽታቸው ቁልፍ ያለው አጠገባቸው በተቀመጠውና ሁለቱን ቋንቋ በሚያውቀው ወጣት አፍ ላይ ነው። ሒሳብ የከበዳት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቁልፏ ያለው ባለፈው ዓመት ያንኑ መጽሐፍ በጨረሰው የጎረቤት ልጅ ዘንድ ነው። እርሱ ቁልፉን በኪሱ ይዞ በሯ ላይ ቢያልፍ እርሷ ምንም ብትደክም አታገኘውም፤ በሌለበት ነው የምትፈልገው።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ መስጠት የምንችል ይመስለናል። ቁልፍ በመገኘቱ ሽልማት ሊሆን ይችላል፤ በአያያዙ ግን አደራ ነው። ሽልማት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለፈ በኋላ በሩን ይዘጋል፤ ሌላው ባላገኘው መጠን የእርሱ ዋጋ የሚጨምር ይመስለዋልና። አደራ መሆኑን ያወቀ ግን ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ ይመለከታል። ይህን ስንል የደከመ ሰው በድካሙ አይደሰት ማለታችን አይደለም። ተማሪ ባለፈ ጊዜ ቤተሰቡ ቡና አፍልቶ፣ ፈንዲሻ በትኖ ይደሰት፤ የሚገባ ነው። ደስታው ሲያልቅ ግን የምስክር ወረቀቱ በመስተዋት ተሰቅሎ ብቻ እንዳይቀር ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል? ትልቅ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልገንም። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፉ ወንድሞችና እኅቶች ለዕረፍት ወደ ከሚሴ ሲመለሱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለታናናሾቻቸው ቢያስረዱ፣ ያነበብነውን መጽሐፍ በመደርደሪያ ከማሳደር ለሚቀጥለው ብናቀብል፣ ኦሮምኛ የምናውቅ ለማያውቀው፣ አማርኛ የምናውቅ ለማያውቀው በመሥሪያ ቤት በር ላይ ብንቆምለት፣ ይህ ሁሉ በአቅማችን የሚደረግ ነው። የምንረዳው ሰው የየትኛው ወገን ልጅ እንደሆነ መጠየቅም አይገባንም፤ ዮኩ ደብዳቤውን የሚያደርሰው በፖስታው ላይ ለተጻፈው ስም ነውና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በአንድ ቀን ባይሆንም በጥቂት ዓመት ውስጥ ፍሬው ይታያል።

በሚቀጥለው ስብሰባችን እንድንወያይባቸው ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

1ኛ/ በእጃችን ካሉት ቁልፎች መካከል ያለማንም እርዳታ ያገኘነው አለን? ካለ የትኛው ነው?

2ኛ/ ገንዘባችንንና ጊዜያችንን ከምናወጣባቸው ነገሮች መንገድ የሚከፍተው የትኛው ነው? ሣጥን ብቻ የሚከፍተውስ?

3ኛ/ በዚህ ሳምንት በሩ ተዘግቶበት የሚቸገር አንድ ጎረቤታችን ማን ነው? ቁልፉስ በማናችን እጅ ይገኛል?

ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እስከ ስብሰባው ቀን ባይጠብቅ ደስ ይለናል።